የገጠር በረዶ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባለቤቴ ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ሥጋ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ከቨርጂኒያ ልንሄድ ነው። የተከራየነው ቤት ከከተማ ወጣ ብሎ፣ የእርሻ ማሳ መሀል ነው። እውነቱን ይንገሩኝ፣ በረዶው ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል እህቴ። እኔም እዚያው አካባቢ ነኝ፤ ከበረዶው ይልቅ ነፋሱን ፍሪ። አገሩ ሜዳ ነው፣ የሚከልል ዛፍ የለም። ትናንት ወርዶ ያበቃው በረዶ ነፋስ ሲነሳ ከመሬት ይነሳና መንገዱን ያለብሰዋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያየሽ ከፊትሽ ያለው መኪና ይጠፋብሻል። እንዲህ ባለ ቀን ከቤት አለመውጣት ነው። ግድ ሆኖ ወጥታችሁ መኪናው ቦይ ውስጥ ከገባ፣ ጥላችሁት በእግር አትሂዱ። ፈላጊ መኪናውን ያገኘዋል፤ ነጭ ሜዳ ላይ የሚባዝን ሰው ግን ማግኘት ከባድ ነው። ለሙቀት ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫውን ጥረጉ፤ በረዶ ከደፈነው ጭሱ መኪናው ውስጥ ገብቶ ይገድላል። ብርድ ልብስ፣ አካፋና ቆሎ ከመኪናው አይለዩ።

መብራት መጥፋት መቼም ለኛ ብርቅ አይደለም። ገጠር ግን ውሃውንም ይዞት ይሄዳል፤ የጉድጓዱ ፓምፕ የሚሠራው በመብራት ነዋ። በረዶ አዘል አውሎ ነፋስ ይመጣል ሲባል ባልዲ፣ ድስት፣ ገንዳ፣ ያለሽን ሁሉ ሙዪ።

ደስታውስ? ነፋስ በሌለበት ሌሊት ሲወርድ መጋረጃ ገልጠሽ እዪ። መብራት ሳይኖር ግቢው ወገግ ይላል። ትኩስ በረዶ መሀሉ አየር ስለሚይዝ ድምፅ ይውጣል፤ የሩቁ መንገድ እንኳ አይሰማም። ጠዋት ሌሊቱን ማን እንደመጣ ዱካው ይነግርሻል፦ ጥንቸል በደጃፍሽ ዞራ ሄዳለች፣ አጋዘን የበቆሎ ቃርሚያ ፍለጋ ማሳውን አቋርጧል። እኔ ቡናዬን ይዤ ዱካ ሳነብ ሥራ ይረፍድብኛል።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። ደጄን ጠርጌ፣ ወገቤን ይዤ ቀና ስል፣ የመንገዱ በረዶ ጠራጊ መኪና ያልፍና የጠረገውን ደጄ ላይ ቆልሎልኝ ይሄዳል! ያ ክምር እንደ ድንጋይ ነው፤ በአካፋ አትታገይው። ጎረቤቴ ገበሬ ሳልጠራው በትራክተሩ መጥቶ ይገፋልኛል፤ ገንዘብ ብሰጠው አይቀበልም፣ ድፎ ዳቦ ግን እምቢ ብሎ አያውቅም። አንቺም ገና እንደገባሽ ጎረቤትሽን ተዋወቂ።

የበረዶ ቡትስ ስትገዢ ደግሞ ከቁጥርሽ አንድ ከፍ ያለውን ውሰጂ። ወፍራም ካልሲ ይገባበታል።