ባሌስትራ ልጨምር ወይስ ልቀይር?

ወንድሜ፣ አሮጌው ሃይሉክስህ ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ሲመጣ ኋላው ይተኛል፣ ባዶውንም ወደ ቀኝ ያዘነብላል ብለሃል። ጋራዥ ደግሞ "ከጭነት መኪና አንድ ፍሬ ባሌስትራ እንጨምርበት" ብለውሃል። ባሌስትራ ማለት ኋላውን የሚሸከመው፣ ተደራርቦ የታሰረ ደጋን ብረት ነው፤ እያንዳንዱ ብረት ፍሬ ይባላል። እኔም እንደዚህ ዓይነት ፒካፕ ለዓመታት ጭነት ሠርቼበታለሁ። የቀኝና የግራውን ጥንድ ቀይር ባይ ነኝ። መጀመሪያ ግን በደንብ እየው።

ጭነቱን አራግፈህ ሜዳ ላይ አቁመው፤ የጎማዎቹንም ንፋስ እኩል አድርግ። ከዚያ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ሁለቱንም ጎን ለካ። ባዶ መኪና ላይ ደጋኑ ጠፍቶ ቀጥ ካለ ባሌስትራው አልቆለታል። በባትሪ ደግሞ መሃሉን ፈትሽ። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የመሃል ብሎኑ ከሚገባበት ቀዳዳ ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ ቦልት ስለሚሸፍነው ቶሎ አይታይም፤ ዝገት የሚተፋ ቀጭን መስመር ካየህ ግን ተጠራጠር።

መጨመሩ ለምን አይዋጥልኝም? የጭነት መኪናው ብረት ወፍራም ነው፤ ከሌሎቹ ጋር እኩል አይተጣጠፍም። ሸክሙ እሱ ላይ ይወድቅና ወይ ራሱ ወይ ጎረቤቱ ይሰበራል። ባዶ ስትሄድ ደግሞ መኪናው እንደ ፍየል ይዘላል፤ ኮረኮንች ላይ ኋላው ይሸሻል። ከሁሉ በላይ ባሌስትራ የመኪናውን አቅም አይጨምርም። ይሄ ፒካፕ የተሠራው ለ10 ኩንታል ገደማ ነው። 15 ጭነህ ኋላው ቀጥ ብሎ ቢቆምም ኩሽኔታው፣ አክስሉ፣ ጎማውና ፍሬኑ 15ቱን ነው የሚሸከሙት።

በእሳት አሙቆ ማጉበጥ የሚሉትንም ተወው። ብረቱ በልኩ ሞቆ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ፣ እንደገና በመጠኑ ካልሞቀ ጥንካሬው ይሄዳል፤ ቶሎ ይተኛል። ብየዳማ አይታሰብም።

ሶማሌ ተራ ሰልባጅ የምትገዛ ከሆነ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ሁለቱን መሬት ላይ አስተኝተህ የፍሬውን ብዛት፣ ውፍረቱን፣ ደጋኑንና ርዝመቱን አወዳድር። የቀኙን ብቻ ብትቀይር ማዘንበሉ ወደ ግራ ይዞራል እንጂ አይጠፋም። ዩ ቦልትና ጎሚኒ (የባሌስትራው ጫፍ ላይ የሚገባው ላስቲክ) ግን አዲስ ይሁን፤ አንዴ ጠብቆ የተሳበ ዩ ቦልት መልሶ አይታመንም።

ሲገጠም ክሪክ ብቻ ተማምኖ ከሥር የሚገባ እንዳይኖር። ሻንሲው ጠንካራ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ፤ ክሪኩ አክስሉን ይደግፍ። የመሃል ብሎኑ ራስ አክስሉ ላይ ካለው ቀዳዳ በትክክል መግባት አለበት። ካልገባ አክስሉ ይንሸራተትና መኪናው ጎኑን ሰጥቶ ይሄዳል። የዩ ቦልቱን አራት ዳዶዎች በመስቀል፣ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁት።

ብዙ ጋራዥ የሚዘላት ነገር አለች። የጎሚኒዎቹ ብሎኖች የመጨረሻ ማጥበቂያ መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ላስቲኩ እንደተጠማዘዘ ይሠራል፤ ሳትጠግበው ይቀደዳል። ቆመህ አሠራ።

ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲ የምትወጣ ቀጭን ዘንግም ካለችው እያት። የኋላ ፍሬኑን ግፊት የምትመጥነው እሷ ናት። ጭነት መኖሩን የምታውቀው በኋላው መውረድ ነው። በአዲሱ ባሌስትራ ኋላው ከፍ ሲል ባዶ ነው ብላ ፍሬኑን ትቀንስብሃለች። ሙሉ ጭነት ይዘህ ቁልቁለት ላይ ይህን ማወቅ አትፈልግም፤ እዚያው አስተካክለውልህ ውጣ።

ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ ዩ ቦልቱን እንደገና አስጠብቅ፤ ይላላል። የፊት መብራቱንም አሳይ። ኋላው ተኝቶ ሳለ ወደ ላይ ስለሚያበራ አንዱ ዝቅ አድርጎልህ ከሆነ፣ አሁን አፍንጫህ ሥር ብቻ ነው የሚያበራልህ።