መልስ፦ አልትራሳውንድ የሳንባ ምች ያሳያል ወይ?

እህቴ፣ አብሽሪ። «የ2 ዓመት ልጄን ከደላንታ ደሴ ድረስ ወስጄው ራጅ ትተው ደረቱን በአልትራሳውንድ አዩት፤ ይሄ የእርጉዝ መሣሪያ አይደለም እንዴ?» ላልሽው፣ አላጭበረበሩሽም።

ጤነኛ ሳንባ በአየር የተሞላ ስለሆነ መሣሪያው የሚልከው፣ በጆሮ የማይሰማ ድምፅ አያልፍበትም፤ ስክሪኑ ላይ አግድም መስመሮች ብቻ ይታያሉ። ምች ሲይዘው ግን የአየሩን ቦታ ፈሳሽ ይይዘውና ያ የሳንባ ክፍል ቁርጥ ጉበት ይመስላል። ውስጡ የቀረው አየር ደግሞ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ ከትንፋሹ ጋር ብልጭ ድርግም ይላል። አንዴ ያየው አይረሳውም። የልጅ ደረት ስስ ስለሆነ ከአዋቂ ይልቅ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ጨረር የለውም፣ እናቱ ጭን ላይ ሆኖም ይሠራል። (ልጆቹን የሚያስለቅሳቸው ደረታቸው ላይ የሚቀባው ጄል ቅዝቃዜ ነው፤ እኔ መጀመሪያ በእጄ አሞቀዋለሁ።) ሳንባው ዙሪያ ውሃ ከቋጠረም ከራጅ የተሻለ ያሳያል።

ጉድለት አለው። የሳንባውን ጠርዝ ያልነካ፣ መሃል የተደበቀ ምች ያመልጠዋል። በዚያ ላይ የሚያየው ሰው ካልሠለጠነ መሣሪያው ብቻውን ዋጋ የለውም።

አሁን አንቺ ቤት የምትችይው፦ ሲረጋጋ ልብሱን ገልጠሽ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። በእሱ ዕድሜ 40 ከሞላ ወይም ካለፈ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ ደረቱ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን «የደላንታ ብርድ ነው» ብለሽ አትደሪ፣ በሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ውጪ። የታዘዘለትን አሞክሳሲሊንም ሻል አለው ብለሽ እንዳታቋርጪ።