ቤት ተዘግቶ የሚሠራ አውሮፕላን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ግንቦት 2012 ዓ.ም.

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከቤት አትውጡ በተባለበት ጊዜ በሬዲዮ የሚበር ትንሽ አውሮፕላን በእጃቸው ለመሥራት የተነሡ አንባቢዎች ብዙ ጥያቄ ልከውልን ነበር። የብዙዎችን ችግር የሚነኩትን አምስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ከ13 ዓመት ልጄ ጋር ቤት ከተዘጋን ሁለት ወር ሊሞላን ነው። ከፎም ቦርድ (በሁለት ወረቀት መሐል ከተጣበቀ ፎም) አውሮፕላን መሥራት አስበናል። ምን ምን እንግዛ? ከየትስ እንጀምር? — አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ክንፉ ከላይ የተቀመጠ፣ በሦስት ቻናል የሚታዘዝ አውሮፕላን ይሥሩ። ሦስቱ ሞተሩ፣ ኤለቬተሩ (ከጭራው ጋደም ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል፤ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል) እና ረደሩ (የቆመው፤ ግራና ቀኝ ያዞራል) ናቸው። ክንፉ ላይ ኤለሮን (አውሮፕላኑን ግራና ቀኝ የሚያጋድል ተንቀሳቃሽ ክፍል) አይጨምሩ። የክንፉ ጫፎች ከመሐሉ ከፍ ብለው ከተሠሩ ረደሩ ብቻውን አውሮፕላኑን አጋድሎ ያዞረዋል፤ እጅዎን ሲለቁም ራሱን ወደ ማቃናት ያደላል። ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ረዳት የለም።

ፎም ቦርዱን ርካሽ ዕቃ ከሚሸጠው ከዶላር ትሪ መደብር ይግዙ፤ 51 በ76 ሴ.ሜ. ስፋት፣ 5 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ሦስት ሉክ ይበቃል። የሥዕል ዕቃ መደብር ውስጥ ያለው ጠንካራና የሚያምር ቢሆንም ክብደቱ ይበልጣልና ይተዉት። ሞተሩ 2212 የሚባለው ባለ 1000 ኬቪ (በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞርበት ልክ) ብራሽለስ (ያለ ብሩሽ የሚሠራ) ሞተር ይሁን። ከእሱ ጋር 9 በ4.7 ኢንች ፕሮፔለር፣ ለሪሲቨሩ (አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ ትእዛዝ ለሚቀበለው ሬዲዮ) 5 ቮልት የሚያወጣ የ20 ወይም የ30 አምፔር ስፒድ ኮንትሮለር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር)፣ ሁለት ባለ 9 ግራም ሰርቮ (ኤለቬተሩንና ረደሩን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር)፣ ባለ 3 ሴል 1300 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ እና እያንዳንዱን ሴል ለይቶ የሚሞላ ቻርጀር ያስፈልጋል። ትራንስሚተሩና (በእጅ የሚያዘው ማዘዣ) ሪሲቨሩ አብረው የሚሠሩ መሆናቸውን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። ዕቃ እስኪደርስ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይዘዙ፤ ሁለት ትርፍ ፕሮፔለርም ይጨምሩ፤ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው።

ሥራው ከክንፉ ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ግማሽ ክንፍ 51 በ41.5 ሴ.ሜ. ይቁረጡ። ከአንዱ ጠርዝ 20 ሴ.ሜ. ለክተው በከተር የላይኛውን ወረቀትና ፎሙን ብቻ ይብጡ፤ የታችኛው ወረቀት እንደ ማጠፊያ ሆኖ መቅረት አለበት። ምላጩ ከደነዘዘ ፎሙን እየቦጫጨቀ ወረቀቱንም ይበሳል፤ ለአንድ አውሮፕላን ሁለት ሦስት ምላጭ መጨረስ ብክነት አይደለም። ከዚያ 2.5 ሴ.ሜ. ስፋት ያላቸውን ሁለት ቁራጮች ደራርበው ይለጥፉና ከፊት ጠርዝ 4 ሴ.ሜ. ገባ ብሎ በ20 ሴንቲው ወገን ላይ በቁመት ያጣብቁ፤ የክንፉ አከርካሪ ይህ ነው። የላይኛውን ወገን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀስ እያሉ ሲጎትቱት ሳይሰበር ይለምጣል። አከርካሪውና የኋላው ጠርዝ ላይ ትኩስ ማስቲሽ ያፍስሱ፣ ያጥፉት፣ እስኪበርድ በሁለት መዳፍ ተጭነው ይያዙት። ጠምዘዝ ብሎ ከደረቀ አውሮፕላኑ ዕድሜውን ሙሉ ወደ አንድ ወገን ይጎትታልና ከኋላ ሆነው በዓይንዎ አስተያይተው ያረጋግጡ።

ሁለቱን ግማሾች ሲያጋጥሙ አንዱ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ የሌላው ጫፍ 10 ሴ.ሜ. ከፍ ይበል። መገጣጠሚያውን ከላይም ከታችም በማስቲሽና በፕላስተር ያጠናክሩት። አካሉ 75 ሴ.ሜ. ርዝመት ያለው ሣጥን ሲሆን ክንፉ ከአፍንጫው 15 ሴ.ሜ. ወደ ኋላ ይጀምራል። የጭራው ጋደም ክፍል 40 በ11 ሴ.ሜ.፣ ከዚያ ውስጥ የኋላው 3.5 ሴ.ሜ. ኤለቬተሩ ነው። ክንፉን አካሉ ላይ በማስቲሽ አይለጥፉት። በአካሉ ሁለት የቀርከሃ ስንጥር አሳልፈው በአራት ላስቲክ ይሰሩት፤ አውሮፕላኑ መሬት ሲመታ ክንፉ ተስፈንጥሮ ይወጣና ይተርፋል።

ሞተሩ 3 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ ላይ ይታሰራል፤ ከኋላ ሆነው ሲያዩት 3 ዲግሪ ያህል ወደ ታች፣ 2 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያዘንብል። ያለዚህ ጋዝ በሰጡ ቁጥር አፍንጫው ሽቅብ ይነሣል፣ ወደ ግራም ይዞራል። ሁሉ ተሟልቶ ከ450 እስከ 500 ግራም ከመዘነ ጥሩ ሠርተዋል። ከዚያ ካለፈ ማስቲሹ በዝቷል ማለት ነው። ቀለም መቀባት ካሰቡ የሚረጨውን ቀለም መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ይሞክሩት፤ ብዙው ፎሙን ያቀልጠዋል።

ጥያቄ፦ ሠርቼ በእጄ ወረወርኩት፤ አፍንጫውን ሽቅብ አንሥቶ ቀጥ አለና ተከሰከሰ። ሞተሩ አቅም አንሶት ይሆን? — ከዳላስ

መልስ፦ አይደለም፤ ከበቂ በላይ አቅም አለው። አውሮፕላንዎ ጭራው ከብዶታል። ከሚላኩልን የመጀመሪያ በረራ አደጋዎች አብዛኛው ይኸው ነው፣ የሚድነውም መሬት ላይ ሳለ ብቻ ነው።

የክንፉ ስፋት 20 ሴ.ሜ. ከሆነ ሚዛኑ ከፊት ጠርዝ ከ5 እስከ 6 ሴ.ሜ. ባለው መካከል መውደቅ አለበት። ቦታውን ከክንፉ በታች በግራም በቀኝም በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ። ባትሪው ገብቶ፣ ፕሮፔለሩ ታስሮ፣ ለበረራ እንደተዘጋጀ በሁለት ጠቋሚ ጣቶችዎ ጫፍ ምልክቶቹ ላይ ያንሡት። ጣቶችዎ ላይ ተንጠልጥሎ ጭራው ወደ ታች ከወረደ አይብረር። አፍንጫው ለዓይን ጥቂት ዘንበል ብሎ ከቆመ ልክ ነው። ለማስተካከል መጀመሪያ ባትሪውን ወደፊት ይግፉት፤ እርሳስ ወይም ሳንቲም መጨመር የመጨረሻው መፍትሔ ነው፤ የጨመሩት ግራም ሁሉ አውሮፕላኑ ፈጥኖ እንዲበርና ፈጥኖ እንዲያርፍ ያስገድደዋልና። ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ ባትሪው የሚያርፍበትን መሥመር አካሉ ላይ ያስምሩ፣ ሁልጊዜ እዚያው ይሰሩት።

ሌላም ይፈትሹ። ፕሮፔለሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፊት ወደ በረራው አቅጣጫ መመልከት አለበት፤ ተገልብጦ ከታሰረ ይጮሃል እንጂ አይጎትትም። ሞተሩ ወደ ኋላ የሚዞር ከሆነ ከሦስቱ ሽቦዎች ማናቸውንም ሁለቱን ያቀያይሩ። ይህን ሲፈትኑ ፕሮፔለሩን ያውልቁ፤ ጣት ይቆርጣል። ከአውሮፕላኑ ኋላ ቆመው የትራንስሚተሩን ስቲክ (በጣት የሚገፋውን ማዘዣ) ወደ ራስዎ ሲስቡ ኤለቬተሩ ሽቅብ መነሣት አለበት፣ ወደ ቀኝ ሲገፉም ረደሩ ወደ ቀኝ ይዙር። ምንጊዜም ትራንስሚተሩ ቀድሞ ይበራል፣ ኋላ ይጠፋል።

ሲያስነሡ ነፋስ የሌለበትን ማለዳ ይምረጡ። ሞተሩን ሦስት አራተኛ ያህል ከፍተው፣ ክንፉ ሳያጋድል፣ ወደ ነፋሱ ቀጥታ ይግፉት እንጂ ወደ ሰማይ አይወርውሩት። ወደ እርስዎ ሲመለስ ግራና ቀኝ ይምታታብዎታል፤ ያኔ ስቲኩን ዝቅ ወዳለው ክንፍ አቅጣጫ መግፋት ብቻ ያስታውሱ፣ ይቃናል። ይህን ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌተር (በረራን በሚያስመስል ፕሮግራም) ሳያስቡት እጅዎ እስኪሠራው ይለማመዱ፤ ሜዳ በማይገኝበት ጊዜ ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ቤቴ አጠገብ ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ አለ። አውሮፕላኔ ከ250 ግራም በታች ነው። ማብረር እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ከዋሽንግተን ዲሲው ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ምንም ነገር በሬዲዮ ማብረር ክልክል ነው፤ አሌክሳንድሪያም፣ አርሊንግተንም፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ከዚያ ውስጥ ናቸው። ከ250 ግራም በታች መሆኑ የሚያድንዎ ከምዝገባ እንጂ ከዚህ ክልከላ አይደለም። ከዚያ በላይ የሚመዝን ከሆነ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ምዝገባ 5 ዶላር ነው፣ ለ3 ዓመት ያገለግላል፤ አንዱ ቁጥር ላሉዎት አውሮፕላኖች ሁሉ ይሠራል፣ ከውጭ በሚታይ ቦታም መጻፍ አለበት። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ክልል ከ400 ጫማ ሳይበልጡ፣ ከዓይንዎ ሳያርቁ ይፈቀዳል። ሆኖም ሌሎች አውሮፕላን ማረፊያዎች ስላሉ ቦታውን አስቀድመው የት ማብረር እንደሚፈቀድ በሚያሳየው በቢፎር ዩ ፍላይ መተግበሪያ ይመልከቱ። የመጀመሪያው ጥያቄ ባለቤት አባትም ይህን እንዲያነቡ አደራ እንላለን።

ጥያቄ፦ ሜዳው ከተዘጋ ወዲህ ሞልቼ ያስቀመጥኳቸው ባትሪዎች አብጠዋል። ተንፍሶ ይመለሳል ወይ? — ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ያበጠ ሊፖ አይድንም። አይብሱት፣ አይጫኑት፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አይጣሉት። በዝግታ ባዶ አድርገው፣ የሽቦውን ጫፎች ለየብቻ በፕላስተር ሸፍነው ለባትሪ መሰብሰቢያ ያስረክቡ።

ምክንያቱ ሞልቶ መቀመጡ ነው። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ለመቀመጥ ግን 3.8 አካባቢ ይፈልጋል፣ ባለ 3 ሴሉ በጠቅላላ 11.4 ቮልት መሆኑ ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ የማያበሩ ከሆነ በቻርጀሩ ማስቀመጫ ፕሮግራም ወደዚያ ያውርዱት። 1300ውን ባትሪ ከ1.3 አምፔር በላይ አይሙሉት። ሲሞሉም ክዳኑ ባልተገጠመ የሸክላ ድስት ውስጥ፣ ምንጣፍና መጋረጃ በሌለበት፣ አጠገቡ ሆነው ይሁን። በረራ ላይ የትራንስሚተሩን ሰዓት 6 ደቂቃ ላይ ይሙሉት፤ እስኪደክም ከጠበቁ ለማረፍ የሚሆን ኃይል አይተርፍዎትም፣ ሴሎቹም ይጎዳሉ።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ልጆቹ ሥራ ፈተዋል። ሞተርም ሬዲዮም የለንም። በግቢያችን የሚበር ምን ልንሠራ እንችላለን? — እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሞተርና ሬዲዮ ከውጭ ለማስመጣት ካሰቡ፣ ድሮን (በሬዲዮ የሚታዘዝ በራሪ) ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ስለሆነ ሰው ዕቃ እንዲልክልዎ ከመጠየቅዎ በፊት ፈቃዱን ያጣሩ። ግላይደር (ያለ ሞተር የሚንሳፈፍ አውሮፕላን) ግን ምንም አይጠይቅም፣ ሚዛንንም ከሁሉ በላይ ያስተምራል።

ከዕቃ ማሸጊያ ስስ ፎም 40 በ8 ሴ.ሜ. ክንፍ፣ 14 በ5 የጭራ ክፍልና 5 በ5 የሚቆም ጭራ ይቁረጡ። አካሉ 35 ሴ.ሜ. ቀጥ ያለ ቀጭን እንጨት ነው። ክንፉን መሐሉ ላይ በጥተው ሁለቱ ጫፎች 3 ሴ.ሜ. ከፍ እንዲሉ ያጣብቁ። ከአፍንጫው 8 ሴ.ሜ. ወደ ኋላ ይለጥፉት፤ ከፊት ጠርዙ ሥር ግን የታጠፈ ካርቶን አስገብተው 2 ሚ.ሜ. ያህል ከፍ ያድርጉት። ጭራው ከእንጨቱ መጨረሻ ላይ ምንም ከፍ ሳይል ጋደም ብሎ ይቀመጥ። አፍንጫው ላይ ሳንቲም በፕላስተር ያስሩና ሚዛኑ ከክንፉ ፊት ጠርዝ 3 ሴ.ሜ. ላይ እስኪቆም ያስተካክሉ።

ልጆቹ ከትከሻቸው ከፍታ፣ አፍንጫውን ጥቂት ዝቅ አድርገው ለቀቅ ያድርጉት፤ በኃይል መወርወር ሁሌም ያበላሻል። ሽቅብ ወጥቶ ቀጥ ካለ አፍንጫው ላይ ትንሽ ክብደት ይጨምሩ፤ ተምዘግዝጎ ከወረደ ይቀንሱ። ወደ አንድ ወገን የሚዞር ከሆነ የሚቆመውን ጭራ የኋላ ጠርዝ በተቃራኒው አቅጣጫ 1 ሚ.ሜ. ያህል ለመጥ አድርገው እንደገና ይልቀቁት።