ጊንጥ ስንት እግር አለው?

ጥያቄ፦ ልጄ ግቢያችን ውስጥ ድንጋይ ሲያነሳ ጊንጥ አገኘ። ቆጥሮ «እግሩ አሥር ነው» ይላል፤ እኔ ደግሞ ነፍሳት ስለሆነ ስድስት መሆን አለበት ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ሁለታችሁም ስታችኋል፤ ልጅዎ ግን ይቀርባል። የመሄጃ እግሮቹ 8 ናቸው። ከፊት ያሉት ሁለት መቆንጠጫዎች አይረግጡም፤ ከአፉ አጠገብ የበቀሉ መያዣዎች ናቸው። ጊንጥ የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ እንጂ ነፍሳት አይደለም፤ አንቴናም ክንፍም የለው።

ጅራት የምንለውም የሆዱ ቀጣይ ነው። 5 ክፍሎች አሉት፤ አንጀቱ በውስጡ ያልፍና ፊንጢጣው አምስተኛው ክፍል ጫፍ ላይ፣ ልክ ከመርዝ ከረጢቱ በፊት ይከፈታል። (ልጅዎ ይህን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም።) የሞተ ካገኛችሁ በረጅም ወረንጦ ገልብጡት፦ ሆዱ ላይ ግራና ቀኝ አራት አራት ስንጥቅ መሰል ቀዳዳዎች አሉ፤ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። ከእነሱ ፊት ያሉት ሁለት ማበጠሪያ መሰል ነገሮች መሬቱን የሚዳስስባቸው ናቸው።

ማታ ለመፈለግ ባለሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት አብሩ፤ ጊንጡ አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ቅርፊቱን በቅርቡ የጣለ ግን አዲሱ ሽፋን እስኪጠነክር በደንብ አይበራም። ስለዚህ ምንም አልታየም ብላችሁ በባዶ እግር አትውጡ፤ ጫማም ሳታራግፉ አታጥልቁ። ልጅ ከተነደፈ ቦታውን ሳትበጡ ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።