ተቅማጡ ቆሟል፤ ዚንኩን ልተወው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ዘጌ ነው። የ14 ወር ወንድ ልጄን ተቅማጥ ይዞት ጤና ኬላ ብወስደው ኦአርኤስና አሥር ፍሬ ዚንክ ሰጡኝ። በአራተኛው ቀን ሰገራው ጠጠር አለ። የቀረውን ዚንክ ልተወው? ሁለት ጊዜ ወዲያው አስመልሶታል። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ግግ ነው፣ አስወጪለት» ይሉኛል።

መልስ፦ አይተዉት፣ አሥሩንም ቀን ይጨርሱ። ዚንክ ተቅማጥ ማቆሚያ አይደለም። ልጅ ሲያስቀምጠው ዚንክ ከሰገራው ጋር ይወጣል፤ የተጎዳው አንጀት ደግሞ ራሱን የሚጠግነው በዚንክ ነው። በትክክል የወሰደ ልጅ ቶሎ ይሻለዋል፤ በቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ወራትም ተቅማጥ ተመልሶ የመያዙ ዕድል ይቀንሳል። በአራተኛው ቀን ያቋረጠች እናት የምታጣው ይህንን ሁለተኛውን ጥቅም ነው።

መጠኑ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን አንድ ጊዜ 20 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ ፍሬ ነው፤ ከ6 ወር በታች ግማሽ ፍሬ። ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ፍሬውን ማንኪያ ላይ አድርገው የጡት ወተት ወይም ንጹሕ ውሃ ጠብ ጠብ ያድርጉበት፤ ራሱ ይሟሟል፣ መፍጨት አያስፈልግም። ጣዕሙ ብረት ብረት ስለሚል በባዶ ሆድ ያስመልሳል፤ ትንሽ ከቀመሰ በኋላ ይስጡት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰው አንድ ፍሬ ይድገሙለት። ከደገሙ አሥሩ ፍሬ አሥር ቀን አያደርስምና የጎደለውን ከጤና ኬላው ይጠይቁ።

ኦአርኤስ ሌላ ሥራ ነው፦ የወጣውን ውሃና ጨው ይተካል፤ ዚንክ አይተካውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃው ላይ ነው። ፓኬቱ ላይ 1 ሊትር ከተባለ 1 ሊትር ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ሊትርም ሁለት ሊትርም ስላለ ጽሑፉን አይተው ይለኩ። በግማሽ ሊትር ከበጠበጡት ጨው ይበዛና ልጁን ለአንቀጥቅጥ ሊዳርገው ይችላል፤ በሁለት ሊትር ከሆነ ቀጥኖ አይጠቅምም። ቀምሰው ከእንባ የበለጠ ጨዋማ ከሆነ ይድፉት። የጣናን ውሃ አፍልተው ካቀዘቀዙ በኋላ ይበጥብጡ እንጂ ከበጠበጡ በኋላ አያፍሉት። ስኳርም አይጨምሩበት። 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። በእርስዎ ልጅ ዕድሜ ሰገራ በወጣ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ሲኒ ገደማ፣ በማንኪያ ይሰጣል። ካስመለሰ 10 ደቂቃ ቆይተው ቀስ ብለው ይቀጥሉ። ጡትም ምግብም አይቋረጥ፤ ተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒን ግን ለልጅ አይሰጥም።

ስለ ግጉ፦ አያስወጡ። ጥርስ የሚወጣበት ጊዜ ልጁ እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ አፉ ከሚከትበት ጊዜ ጋር ስለሚገጥም ነው ጥፋቱ በድድ የሚሳበበው። ባልተቀቀለ ስለት የተቆረጠ ድድ ይደማል፣ ያመረቅዛል፣ ቴታነስም ሊያመጣ ይችላል፤ ሥር ያለው ጥርስም ይበላሻል።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁት ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ ከፈዘዘ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላው የነገን ጀልባ አይጠብቁ፤ የቀረበዎት ጤና ጣቢያ ያድርሱት። መዋጥ ከቻለ በመንገድም ላይ ኦአርኤሱን በማንኪያ እየሰጡት ይሂዱ።