ከማብራታችሁ በፊት ለኩ

ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስ ላይ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ከጀመርኩ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደ ሥራ ጠረጴዛዬ ቀርበው «ጋሼ፣ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) በራሴ እጅ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚሉኝ ወጣቶች ጠፍተው አያውቁም፤ አሁን ደግሞ በትንሽ ፌስታል የታሸገ የጀማሪ ኪት (የሚገጣጠሙ ክፍሎች) በቀላሉ ስለሚገኝ ቁጥራቸው ጨምሯል። በዚህ እጅግ ደስ ይለኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ግን ኪቱን በገዛችሁበት ምሽት ገጥማችሁ በዚያው ምሽት ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት ልለምናችሁ ነው።

ይህን የምለው ስለ ደረሰብኝ ነው። ሙያውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በገበያ ቀን፣ አንድ የገጠር ደንበኛዬ ሬዲዮውን ይዞ ሳይመሽበት ወደ ቀዬው መመለስ ነበረበትና ተቻኮልኩ። የማጣሪያውን ካፓሲተር (ኮረንቲ የሚያጠራቅመውን ክፍል) ቀየርኩና ሳላጣራ ኮረንቲ ሰጠሁት። በካፓሲተሩ ጎን ላይ ያለው መስመር የኔጋቲቩን እግር እንደሚያመለክት አውቅ ነበር፤ አውቄ ግን አላየሁትም። ጥቂት ቆይቶ እንደ ጥይት ጮኸ፤ ትኩስ ፈሳሹም ቅንድቤ ላይ አረፈ። ዓይኔ የተረፈው በአንድ ጣት ስፋት ነው። ሰውዬው ምንም ሳይናገር ባዶ እጁን ሲወጣ ያየሁት ፊቱ ከቃጠሎው ይልቅ አመመኝ።

ለመጀመሪያ ሥራ ቲዲኤ2030 በሚባለው ባለ አምስት እግር አይሲ (ብዙ ጥቃቅን ክፍሎችን በአንድ ያቀፈ) የሚሠራ፣ በአንድ ባለ 12 ቮልት ምንጭ የሚሄድ ባለ አንድ ቻነል (የድምፅ መስመር) ኪት እመርጥላችኋለሁ። ይህ አይሲ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን የሚቆጥብበት፣ የስፒከሩ ሽቦዎች ተነካክተው ሾርት ሲያደርጉም የሚከላከልበት ሥርዓት በውስጡ ስላለው የጀማሪን ስሕተት ይታገሣል። በ12 ቮልት ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ የምታገኙት 2 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ለአንድ ክፍል ግን ይበቃል። ሃይ ፋይ ማለት ለተቀዳው ድምፅ ታማኝ መሆን እንጂ ሰፈር ማናወጥ አይደለምና በዚህ አትከፉ።

ሬዚስተሮቹን (ኮረንቲን የሚገድቡትን ባለ ቀለም ቀለበት ክፍሎች) ከመግጠማችሁ በፊት አንድ በአንድ በቴስተር ለኩ። ቀለማቸውን ማንበብ መልመድ መልካም ነው፤ ነገር ግን በማታ አምፖል ሥር ቀዩና ብርቱካናማው ይመሳሰላሉ፤ ቀይ ቀይ ብርቱካናማ 22 ኪሎ ኦም ሲሆን ቀይ ቀይ ቀይ ግን 2.2 ኪሎ ኦም ነው። ስትበይዱ የመበየጃውን ጫፍ የክፍሉን እግርና የሰሌዳውን መዳብ በአንድነት እንዲነካ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ሰከንድ አሙቁና ሊዱን (ቀልጦ የሚያያይዘውን የብረት ሽቦ) ወደ መጋጠሚያው ስጡት፤ በመበየጃው ጫፍ ላይ አቅልጣችሁ እንደ ጭቃ አትለጥፉት። በደንብ የተበየደው በእግሩ ዙሪያ እንደ ትንሽ ጎጆ ጣሪያ ተዳፍቶ ያብረቀርቃል፤ እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ የተቀመጠው ግን ዛሬ ቢሠራ እንኳ ነገ ይከዳችኋል። ሲጨርሱ እጅ መታጠብ ግድ ነው።

አሁን እንድታስተውሉት ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። ከአይሲው መውጫ ጥቂቱን ድምፅ ወደ መግቢያው የሚመልሱ ሁለት ሬዚስተሮች ታገኛላችሁ። አንደኛው 22 ኪሎ ኦም፣ ሁለተኛው 680 ኦም ቢሆን ትልቁን ለትንሹ አካፍላችሁ 1 ስትደምሩ 33 ገደማ ይመጣል፤ ገቢው ድምፅ የሚባዛው በዚህ ያህል ነው። በእናንተ ኪት ቁጥሮቹ ሊለዩ ይችላሉ፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። ከመውጫው ጥቂቱን መልሶ ከገቢው ጋር ማስተያየትና የተዛባውን ማረም የሚለውን ይህን ሐሳብ ሃሮልድ ብላክ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1927 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወደ ሥራው በጀልባ ሲሻገር ነው ያገኘው። እኛ ጎጃሞች ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ከመንገዱ የወጣውን ያርሙለታል፤ ተማሪው በእርማቱ ይቃናል። እነዚያ ሁለት ሬዚስተሮች የአይሲው የኔታ ናቸው፤ አንዱ በደንብ ሳይበየድ ቢቀር አራሚ አጥቶ ድምፁ ይበላሻል።

አሁን ኮረንቲ እንስጠው። የሶኬቱን 220 ቮልት ለጊዜው ተዉትና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ፈልጉ፤ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይም የባጃጅ የፍሬን አምፖል በተከታታይ (ኮረንቲው በእሱ በኩል አልፎ እንዲሄድ) አስገቡ፤ ክር ያለውን አምፖል እንጂ ኤልኢዲውን አይደለም። ስታገናኙት አምፖሉ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ከጠፋ ትልቁ ካፓሲተር መሙላቱ ነውና መልካም ነው። ደምቆ ከቀረ ግን አንድ ቦታ ሾርት አለ፤ ወዲያው ንቀሉት፤ አምፖሉ ስለያዘላችሁ ብዙ ጊዜ የተቃጠለ ነገር አይኖርም። ከጠፋ በኋላ በአይሲው መውጫ እግር ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለኩ፤ ከምንጩ ግማሽ፣ ማለትም 6 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ከመውጫው ካፓሲተር ወዲያ፣ በስፒከሩ በኩል ደግሞ ዜሮ ገደማ። የመጀመሪያው ስፒከርም ብትቃጠል የማታስለቅሳችሁ የአሮጌ ሬዲዮ ስፒከር ትሁን። ይህ ሁሉ ሲስተካከል አምፖሉን አውጥታችሁ በቦታው ፊውዝ ግጠሙ። የአይሲው የጀርባ ብረት ከሦስተኛው እግር ጋር የተያያዘ ስለሆነ በአንድ ምንጭ በሚሠራው ኪት በቀጥታ ሙቀቱን በሚያስወጣው አሉሚኒየም ላይ ቢታሰር ችግር የለውም፤ ባለ ሁለት ምንጭ ስትሠሩ ግን በመካከሉ ኮረንቲ የማያሳልፍ ሚካ መግባት አለበት።

ለመስማት የበገና ቅጂ እመክራችኋለሁ። በገና አሥር አውታር አለው፤ ከአውታሮቹ ጋር በምትገባው ቁራጭ ቆዳ የተነሣም እያንዳንዱ ምት እንደ ንብ እምም ይላል። ቮልዩሙን ዝቅ አድርጋችሁ ይህን እምምታ ከደርዳሪው ድምፅ ለይታችሁ ከሰማችሁት አምፕሊፋየራችሁ ታማኝ ነው። ቀስ እያላችሁ ከፍ ስታደርጉት በአንድ ቦታ ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው መሻከር ይጀምራሉ፤ በ12 ቮልት አቅሙ እዚያ አልቋልና ምልክት አድርጉበት።

አንዱ ቻነል እንዲህ ሲሠራ፣ ሁለተኛውን ከመጀመራችሁ በፊት፣ የአምስቱንም እግሮች ቮልቴጅ በደብተር ላይ ጻፉ። ሁለተኛው አልሠራ ያለ ዕለት ከዚያ ደብተር ጋር እግር በእግር ስታስተያዩት ጥፋቱ ያለበትን ቦታ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።