ግራፊን የሚያርፍበት ንጣፍ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ከግራፊን፣ ማለትም አንድ አቶም ብቻ ከሚወፍር የካርቦን ቅጠል፣ ጋር በላብራቶሪ ብዙ ጊዜ አሳልፌያለሁ። ዛሬ ስለ ሰብስትሬት፣ ማለትም ግራፊኑ ስለሚያርፍበት ንጣፍ፣ ያላችሁን አምጡ።

ጥያቄ፦ ያው ግራፊን ሆኖ ሳለ ንጣፉ ሲቀየር ጠባዩ ለምን ይለወጣል?

መልስ፦ ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ ስለሆነ ነው። የሚሸሸግበት ውስጥ የለውም፤ ኤሌክትሮኑ ሁሉ ከሥር ካለው ነገር ጋር ፊት ለፊት ነው። ሲሊከን ዳይኦክሳይድን እንውሰድ። ኦክሳይዱ ውስጥ ታስረው የቀሩ ቻርጆች ኤሌክትሮኑን ከመንገዱ ያስቱታል፤ የገጹ ሸካራነት ግራፊኑን ያጎብጠዋል። የኦክሳይዱ አቶሞች ንዝረት ብቻውን እንኳ በክፍል ሙቀት ሞቢሊቲውን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ በኤሌክትሪክ መስክ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጓዝ የሚለካውን፣ 40,000 ካሬ ሴንቲሜትር በቮልት ሴኮንድ አካባቢ ያግደዋል። የግራፊኑ የራሱ ጣሪያ ግን በዚሁ ሙቀት 200,000 ገደማ ነው። በተግባር ኦክሳይድ ላይ 10,000 ካየን ጥሩ ናሙና ነው እንላለን።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ሁሉም በእሱ ይጀምራል?

መልስ፦ ስለሚያሳይ። ኦክሳይዱ 300 ናኖሜትር ያህል ሲወፍር አንዷ ንብርብር በተራ ማይክሮስኮፕ እንደ ስስ ጥላ ትለያለች። ከሥሩ ያለው ሲሊከን ደግሞ ጌት፣ ማለትም በቮልቴጅ የግራፊኑን የኤሌክትሮን ብዛት የምንቆጣጠርበት ኤሌክትሮድ፣ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ንጣፉን ጭራሽ ብናስወግደውስ?

መልስ፦ በ2008 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ ግራፊን ሞቢሊቲው በዝቅተኛ ሙቀት ከ200,000 አልፏል። ነገር ግን የጌት ቮልቴጁ ሲጨምር ወደ ታች ይሳባል፣ ይቀደዳልም።

ጥያቄ፦ እርስዎ አንዱን ይምረጡ ቢባሉስ?

መልስ፦ ሄክሳጎናል ቦሮን ናይትራይድ፣ ያለ ምንም ማመንታት። እንደ ግራፊን የንብ እንጀራ ቅርጽ አለው፤ የአቶሞቹ ርቀት የሚበልጠው በ1.8 በመቶ ገደማ ነው። ገጹ ለጥ ያለ፣ ከቻርጅ ወጥመድም የጸዳ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ይህ ከታየ ወዲህ ግራፊኑን በሁለት የቦሮን ናይትራይድ ቅጠሎች መሃል መክተት ተለምዷል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፦ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እያሞቁ ቀስ ብሎ ሲጫኑት፣ መሃል የታፈነው አየርና ቆሻሻ አረፋ እየሆነ ወደ ዳር ሲሸሽ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አረፋ የቀረበት ቦታ ላይ ዲቫይስ አትሥሩ። የሁለቱ ክሪስታሎች አቅጣጫ ከገጠመ ደግሞ በየ14 ናኖሜትር ገደማ የሚደጋገም ሞይሬ፣ ማለትም ሁለቱ መረቦች ሲደራረቡ የሚወጣ ትልቅ ንድፍ፣ ይፈጠርና የኤሌክትሮኖቹ ባንድ (ሊይዙት የሚችሉት የኃይል ደረጃ) ራሱ ይለወጣል። እኔን የሚማርከኝ እዚህ ላይ ነው፤ ንጣፉ መሸከሙን ትቶ የፊዚክሱ አካል ይሆናል።

ጥያቄ፦ ለሰፊ ዌፈርስ (ቺፕ ለሚሠራበት ክብ ሳህን)?

መልስ፦ ሲሊከን ካርባይድ። ሲሞቅ ሲሊከኑ ይተንናል፣ የቀረው ካርቦን እዚያው ግራፊን ይሆናል፤ ማዛወር የለም። ከሥር የሚቀረው መሸጋገሪያ ንብርብር ግን ግራፊኑን በኤሌክትሮን ያጨናንቀዋል። ሃይድሮጅን ከሥር ሲገባ ይህ ንብርብር ከሲሊከን ካርባይዱ ይላቀቃል።

ጥያቄ፦ መዳብ ላይ ያደገውን ግራፊን ቦሮን ናይትራይድ ላይ ባዛውረውም ሞቢሊቲው ዝቅተኛ ነው።

መልስ፦ ንጣፉን ከመክሰስዎ በፊት ማዛወሪያውን ፖሊመር፣ ማለትም ግራፊኑን ተሸክሞ የሚያሻግረውን ስስ ፕላስቲክ፣ ይመልከቱ። ቅሪቱና መሃል የታፈነ ውኃ ካሉ የቦሮን ናይትራይዱ ጥቅም አይታይም።